የቢትኮይን አድራሻ፡ ባለቤቱን ሳይሆን ቁልፉን ብቻ የሚያውቅ መቆለፊያ

በአውሮፓውያኑ ግንቦት 2024 ማንነቱ በይፋ ያልተገለጸ አንድ የክሪፕቶከረንሲ ባለሀብት ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት በአንድ ዝውውር አጣ። ገንዘቡን ከቦርሳው ሰብሮ የወሰደበት ሌባ አልነበረም። ራሱ ነበር የላከው፤ የላከው ግን ወደ ተሳሳተ አድራሻ ነው።

አጭበርባሪው የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ፊደላት ከትክክለኛው ጋር የሚመሳሰሉ ሌላ አድራሻ አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ይኸው አድራሻ በባለሀብቱ የዝውውር ታሪክ ውስጥ ተሰንቅሮ እንዲታይ አድርጓል። ባለሀብቱም ከታሪኩ ላይ አድራሻ ሲቀዳ የሐሰተኛውን ቀዳ። ከቀናት ድርድር በኋላ አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። የመለሰው ግን ባንክ ወይም ፍርድ ቤት ሳይሆን ገንዘቡ የገባለት ሰው ራሱ ነው። ከእርሱ በቀር መመለስ የሚችል አልነበረም።

ለምን አልነበረም? መልሱ ያለው አድራሻ በሚባለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ውስጥ፣ እንዲሁም ከጀርባው በሚሠራው ‘ስክሪፕት’ በተሰኘ አጭር የትዕዛዝ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ቢትኮይን ከክሪፕቶከረንሲዎች ሁሉ ቀዳሚው በመሆኑ፣ አሠራሩን ለመረዳት ከእርሱ መነሳት ይቀላል።

የሒሳብ ቁጥር አይደለም

አንድ ሰው ባንክ ሄዶ ሒሳብ ሲከፍት ስሙ፣ ፎቶግራፉና መታወቂያው ይመዘገባል። የሒሳብ ቁጥሩ ባንኩ በሚያውቀው ሰው ስም የተከፈተ መዝገብ መጠሪያ ነው። እንደ ኤምፔሳ ወይም ቴሌብር ባሉ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶችም ከስልክ ቁጥሩ ጀርባ የተመዘገበ ስም አለ። ገንዘብ በስህተት ሲላክ ወደ ድርጅቱ ደውሎ አቤት ማለት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቢትኮይን አድራሻ ግን ማንም አይሰጠውም፤ የትም አይመዘገብም። ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር እንኳ በሰከንድ ውስጥ በርካታ አድራሻዎችን ሊያወጣ ይችላል። ከጀርባው ስም የለም፤ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ‘የግል ቁልፍ’ ይባላል። በዕጣ የሚወጣ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ሲሆን፣ ሊሆኑ የሚችሉት አማራጮች ብዛት ከ1 በኋላ 77 ዜሮዎች ተደርድረው ከሚጻፈው ቁጥር ይበልጣል። ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ ተብሎ የማይሠጋውም በብዛቱ ምክንያት ነው። ብዙ የዲጂታል ቦርሳዎች ለተጠቃሚው የሚሰጡት የ12 ወይም የ24 ቃላት ዝርዝርም ይህን ምስጢር ሰው በቀላሉ ጽፎ እንዲያስቀምጠው የተዘጋጀ ነው። ቃላቱ የሚመረጡት 2048 ቃላት ካሉት ቋሚ መዝገብ ውስጥ ነው።

ከምስጢር እስከ አድራሻ

ከግል ቁልፉ በሒሳብ ስሌት ‘ይፋዊ ቁልፍ’ የሚባል ሁለተኛ ቁጥር ይወጣል። ስሌቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው። የግል ቁልፉን የያዘ ሰው ይፋዊውን ወዲያው ማስላት ይችላል፤ ይፋዊውን ያየ ሰው ግን ዛሬ ባሉት ኮምፒውተሮች የግሉን ሊደርስበት አይችልም።

ይፋዊው ቁልፍ በተራው ‘ሃሽ’ በሚባል የማሳጠሪያ ስሌት ውስጥ ያልፋል። ሃሽ ከወፍጮ ጋር ይመሳሰላል። የተፈጨ ጤፍ ወደ ፍሬነት እንደማይመለስ ሁሉ፣ ከሃሹ ተነስቶ ወደ መጀመሪያው መረጃ መመለስ አይቻልም። ልዩነቱ፣ ይህ ወፍጮ ለአንድ ዓይነት እህል ምንጊዜም ፍጹም አንድ ዓይነት ዱቄት መስጠቱ፣ ከእህሉ አንዲት ፍሬ ብትለወጥ ደግሞ ዱቄቱ ጨርሶ ሌላ መሆኑ ነው። ቢትኮይን በመጀመሪያው የአድራሻ ዓይነቱ ሻ-256 እና ራይፕኤምዲ-160 የተባሉ ሁለት ‘ወፍጮዎችን’ በተከታታይ ይጠቀማል። ውጤቱ 20 ባይት ርዝመት ያለው ቁጥር ነው።

ለሰው ዓይን እንዲመች ይህ ቁጥር በ58 ምልክቶች ይጻፋል። የላቲን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት ከቁጥሮች ጋር ቢደመሩ 62 ይሆናሉ፤ ዜሮ ቁጥር ከትልቁ ‘ኦ’፣ ትልቁ ‘አይ’ ደግሞ ከትንሹ ‘ኤል’ ጋር ስለሚምታቱ አራቱም እንዲወጡ ተደርጓል።

በመጨረሻም ከቁጥሩ ራሱ የተሰላ አጭር የማረጋገጫ ምልክት ይታከልበታል። አንድ ሰው አድራሻውን በእጁ ሲጽፍ ፊደል ቢሳሳት የዲጂታል ቦርሳው ስህተቱን ይይዘዋል። በድንገት የተሳሳተ ጽሑፍ ፈተናውን የማለፍ ዕድሉ ከአራት ቢሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ መከላከያ ግን የሚይዘው የጽሕፈት ስህተትን ብቻ ነው። በትክክል የተጻፈ የሌላ ሰው አድራሻ ከሆነ ፈተናውን ያልፋል። ባለ 68 ሚሊዮን ዶላሩ ኪሳራ የደረሰው በሌላ ኔትወርክ ላይ ቢሆንም፣ ያለፈው በዚሁ ዓይነት ክፍተት ነው።

ገንዘቡ የት ነው ያለው?

ብዙዎች ቢትኮይን በስልካቸው ወይም በኮምፒውተራቸው ውስጥ የተቀመጠ ይመስላቸዋል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቁልፉ ብቻ ነው። ገንዘቡ ያለው ‘ብሎክቼይን’ በሚባለውና በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቅጂ በያዙት መዝገብ ላይ ነው።

መዝገቡ ‘እገሌ ይህን ያህል ቀሪ ሒሳብ አለው’ የሚል መስመር የለውም። የሰፈሩበት ዝውውሮች ናቸው። እያንዳንዱ ዝውውር ቀደም ሲል የተላኩ ገንዘቦችን ይወስድና አዳዲስ ድርሻዎችን ይፈጥራል። በቦርሳው ላይ የሚታየው ቀሪ ሒሳብ፣ ቁልፉ ሊከፍታቸው የሚችሉና ገና ያልወጡ ድርሻዎች ድምር ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዱባይ የምትሠራ እህት ናይሮቢ ላለ ወንድሟ 0.02 ቢትኮይን መላክ ፈለገች እንበል። በእጇ ያለው አንድ የ0.05 ድርሻ ነው። ድርሻ እንደ ብር ኖት በመሆኑ ለሁለት አይቀደድም፤ ሙሉውን ሰጥቶ መልስ መቀበል ያስፈልጋል። ስለዚህ ዝውውሩ የ0.05ቱን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ይወስድና ሁለት አዳዲስ ድርሻዎችን ይፈጥራል፤ 0.02 ለወንድሟ፣ 0.0299 ደግሞ መልስ ሆኖ ለራሷ። ለማንም ያልተመደበው 0.0001 ዝውውሩን ወደ መዝገቡ ለሚያስገባው ‘ማይነር’ የአገልግሎት ክፍያ ይሆናል።

መቆለፊያውና መክፈቻው

ስክሪፕት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ድርሻ ሲፈጠር ‘ይህን ገንዘብ ማውጣት የሚችለው ይህን ቅድመ ሁኔታ ያሟላ ነው’ የሚል አጭር ትዕዛዝ አብሮት ይጻፋል። ይህ መቆለፊያው ነው። ገንዘቡን ለማውጣት የሚመጣው ሰው ደግሞ ቅድመ ሁኔታውን የሚያሟላ መረጃ ያቀርባል። ይህ መክፈቻው ነው። የኔትወርኩ ኮምፒውተሮች ሁለቱን አገናኝተው ያሰላሉ፤ ውጤቱ ‘እውነት’ ከሆነ ዝውውሩ ያልፋል፤ ካልሆነ ውድቅ ይደረጋል።

በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ይህ ትዕዛዝ እንጂ አድራሻው አይደለም። አድራሻ ለሰው ልጅ እንዲመች የተዘጋጀ የመቆለፊያው አሕጽሮት ነው። እህት የወንድሟን አድራሻ በስልኳ ላይ ስታስገባ፣ ቦርሳው አድራሻውን ወደ ስክሪፕት ተርጉሞ በዝውውሩ ውስጥ ይጽፈዋል።

በቀድሞው የአድራሻ ዓይነት ፍተሻው የሚካሄደው እንደ ሰሃን አንዱ በሌላው ላይ በሚደራረብ መረጃ ነው። ወንድም ገንዘቡን ማውጣት ሲፈልግ መጀመሪያ ዲጂታል ፊርማው፣ በላዩም ይፋዊ ቁልፉ ይቀመጣል። ከዚያ የመቆለፊያው ትዕዛዞች በተራ ይፈጸማሉ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ የይፋዊ ቁልፉን ቅጂ ያወጣል። ሁለተኛው ቅጂውን ወደ ሃሽ ይለውጣል። ሦስተኛው በመቆለፊያው ላይ የተጻፈውን ሃሽ ያቀርባል። አራተኛው ሁለቱን ሃሾች ያነጻጽራል፤ ካልተመሳሰሉ ሥራው እዚያው ይቆማል። አምስተኛው ፊርማው በዚያ ቁልፍ ባለቤት የተፈረመ መሆኑን ይመረምራል።

ፊርማው የሚሠራው በግል ቁልፉ ነው፤ ይሁን እንጂ ቁልፉን ለማንም አይገልጥም። የሚሰላው ከዝውውሩ ዝርዝር ጭምር በመሆኑም ለአንድ ዝውውር የተፈረመው ለሌላው አይሠራም። በመንገድ ላይ የተቀባዩን አድራሻ ወይም የገንዘቡን መጠን ለመለወጥ የሞከረ ሰው ፊርማውን ያበላሸዋል።

የስክሪፕቱ ቋንቋ ሆን ተብሎ ውስን እንዲሆን ተደርጓል። ለምሳሌ አንድን ሥራ ያለ ማቋረጥ ደጋግሞ እንዲሠራ ማዘዝ አይቻልም። ይህ ባይሆን ኖሮ አንድ ተንኮለኛ ማለቂያ የሌለው ትዕዛዝ ጽፎ የኔትወርኩን ኮምፒውተሮች ሁሉ ማነቅ ይችል ነበር።

መቆለፊያው ቁልፍ ሲያጣ

ኔትወርኩ ገንዘብ ሲላክ መቆለፊያው ሊከፈት የሚችል ስለመሆኑ አይጠይቅም። እአአ በጥቅምት 2011፣ በወቅቱ ግንባር ቀደም የነበረውና መቀመጫውን ቶኪዮ ያደረገው ማውንት ጎክስ የተባለው የቢትኮይን መገበያያ ይህን በከባድ ዋጋ ተምሯል። ድርጅቱ በላካቸው ዝውውሮች ውስጥ ስክሪፕቱ በስህተት ተጻፈ፤ 20 ባይት ሃሽ ሊኖርበት የሚገባው ስፍራ ባዶ ሆነ። ሃሹ ባዶ የሆነ ቁልፍ ሊኖር ስለማይችል 2,609 ቢትኮይን ለዘለዓለም ተቆልፎ ቀረ። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነውና ዛሬም ድረስ ይታያል፤ የሚያወጣው ግን የለም።

የግል ቁልፉን የጣለ ሰው ዕጣም ተመሳሳይ ነው። በብሪታኒያ ዌልስ፣ ኒውፖርት ከተማ ነዋሪ የሆነ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ሃርድ ዲስኩ እአአ በ2013 ወደ ቆሻሻ መጣያ ስለሄደበት ለዓመታት መጣያው እንዲቆፈር ሲሟገት ኖሯል። ማንነቱን ማስረዳት አልቸገረውም። ስክሪፕቱ የሚጠይቀው ግን ማንነትን ሳይሆን ፊርማን ነው።

የዕድሩ ሣጥን

መቆለፊያ የግድ ባለ አንድ ቁልፍ መሆን የለበትም። በብዙ ዕድሮች የገንዘብ ሣጥኑ የሚከፈተው ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በተገኙበት ነው። ቢትኮይንም ‘ከሦስቱ ቁልፎች ሁለቱ ከፈረሙ ይከፈት’ የሚል ስክሪፕት መጻፍ ይፈቅዳል። አንዱ ቁልፍ ቢጠፋ ገንዘቡ አይጠፋም፤ አንዱ ቁልፍ ቢሰረቅም ሌባው ብቻውን ሊያወጣ አይችልም።

ችግሩ እንዲህ ያለው ረጅም ስክሪፕት በአድራሻ መልክ ለላኪ ለመስጠት አለመመቸቱ ነበር። እአአ በ2012 ተግባራዊ የሆነ ማሻሻያ መፍትሔ አመጣ። በአድራሻው ውስጥ የሚገባው የስክሪፕቱ ሃሽ ብቻ ሆነ፤ ሙሉው ስክሪፕት የሚገለጠው ገንዘቡ ሲወጣ ነው። ላኪው ከጀርባው አንድ ቁልፍ ይኑር ሦስት ማወቅ አያስፈልገውም።

በጊዜ የሚቆለፍ ገንዘብም አለ። እአአ ከታኅሣሥ 2015 ወዲህ ‘ከዚህ ቀን በፊት አይከፈትም’ የሚል ቅድመ ሁኔታ በስክሪፕት ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ባለቤቱ ራሱ እንኳ ሐሳቡን ቢለውጥ ቀኑ ሳይደርስ ማውጣት አይችልም።

የአድራሻው የመጀመሪያ ፊደላት የመቆለፊያውን ዓይነት ይጠቁማሉ። በ1 የሚጀምረው የመጀመሪያው፣ የአንድ ቁልፍ ዓይነት ነው። በ3 የሚጀምረው የስክሪፕት ሃሽ የያዘው ነው። ‘ቢ’ እና ‘ሲ’ በተሰኙት የላቲን ፊደላትና በ1 የሚጀምሩት ደግሞ እአአ በ2017 ‘ሴግዊት’ ከተባለው ማሻሻያ በኋላ የመጡ ናቸው። ፊርማዎችን ለብቻ በመለየት የአገልግሎት ክፍያን ይቀንሳሉ፤ የጽሕፈት ስህተትንም በተሻለ መንገድ ይለያሉ። በዚሁ ዘር ውስጥ አራተኛ ፊደላቸው ‘ፒ’ የሆኑት እአአ በኅዳር 2021 ሥራ ላይ የዋለው ‘ታፕሩት’ ውጤቶች ናቸው። በታፕሩት ሁሉም ወገኖች ከተስማሙ፣ ባለ ብዙ ፊርማው ውል በመዝገቡ ላይ ከተራ የአንድ ሰው ዝውውር ሳይለይ ሊያልፍ ይችላል።

ስም የለሽ፣ ግን ግልጽ

አድራሻ ስም ስለሌለው ቢትኮይን ዱካ አይተውም ብለው የሚያምኑ ጥቂት አይደሉም። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። እያንዳንዱ ድርሻ ከየትኛው ዝውውር እንደመጣ በመዝገቡ ላይ ተጽፏል፤ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ሊያነበው ይችላል። አንድ አድራሻ አንድ ጊዜ ከስም ጋር ከተያያዘ፣ ለምሳሌ መታወቂያ በሚጠይቅ መገበያያ በኩል፣ የኋላ ታሪኩ ሁሉ ይገለጣል። ለዚህም ነው ብዙ ቦርሳዎች ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ አድራሻ የሚያወጡት።

እአአ በግንቦት 2021 የአሜሪካው የነዳጅ ማስተላለፊያ ድርጅት ኮሎኒያል ፓይፕላይን ሥራውን ላስተጓጎሉ የሳይበር ወንጀለኞች 75 ቢትኮይን ከፈለ። መርማሪዎች ገንዘቡን ከአድራሻ ወደ አድራሻ ተከተሉት። በወሩ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር 63.7 ቢትኮይን መያዙን አስታወቀ። መያዝ የተቻለው የፌደራል ምርመራ ቢሮው የአድራሻውን የግል ቁልፍ በእጁ ስላስገባ ነበር። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነበራቸው፤ መቆለፊያውን የከፈተው ግን ቁልፉ ነው።

ከቢትኮይን ውጭ

በኢቴሪየም አሠራሩ ይለያል። እዚያ እንደ ባንክ ሁሉ ለእያንዳንዱ አድራሻ ቀሪ ሒሳብ ይመዘገባል፤ አድራሻውም በዜሮና በ‘ኤክስ’ ፊደል ይጀምራል። አንዳንዶቹ አድራሻዎች የሰው ቁልፍ ሳይሆን ‘ስማርት ኮንትራክት’ የሚባል ራሱን የሚያስፈጽም ፕሮግራም ያለባቸው ናቸው። በትሮን ኔትወርክ አድራሻው በ‘ቲ’ ፊደል ይጀምራል። ከዶላር ጋር የተሳሰረው ዩኤስዲቲ በእነዚህ ሁለቱም ላይ ስለሚዘዋወር ስሙ አንድ ቢሆንም መንገዱ የተለያየ ነው። የኔትወርክ ምርጫ ስህተት ገንዘብ ከሚጠፋባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ሕጉ የሚደርስበትና የማይደርስበት

የቀጣናው አገሮች ጉዳዩን በተለያየ መንገድ ይዘውታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እአአ በሰኔ 2022 ክሪፕቶከረንሲን ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ‘ማይኒንግ’ ኩባንያዎች ኃይል ይሸጣል። ኬንያ በበኩሏ እአአ በ2025 ዘርፉን በፈቃድ የሚያስተዳድር ሕግ አውጥታለች።

እነዚህ ሕጎች የሚደርሱት ክሪፕቶከረንሲ ከጥሬ ገንዘብ ጋር በሚገናኝበት በር ላይ ነው፤ በመገበያያዎች፣ በደላሎች፣ በድርጅቶች ላይ። አንድ ጊዜ የተረጋገጠ ዝውውርን የመቀልበስ ሥልጣን ያለው ቢሮ ግን በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ የለም። ‘የጠፋ ክሪፕቶ እናስመልሳለን’ እያሉ በማኅበራዊ መገናኛዎች አስቀድመው ክፍያ የሚጠይቁ ሰዎች ቃል የሚገቡት ስክሪፕቱ የማይፈቅደውን ነው። አሥራ ሁለቱን ቃላት ‘ለማረጋገጫ’ ብሎ የሚጠይቅም የሚጠይቀው ቁልፉን ራሱን ነው።

የዱባይዋ እህት ‘ላክ’ የሚለውን ከመጫኗ በፊት ልታደርጋቸው የምትችላቸው ነገሮች አሉ። አድራሻውን ከዝውውር ታሪክ ሳይሆን ከወንድሟ ዘንድ በቀጥታ መቀበል፣ ከቀዳችው በኋላ ጫፍና ጫፉን ብቻ ሳይሆን መሐሉንም ማመሳከር፣ ኔትወርኩ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ፣ በመጀመሪያም ጥቂት ልኮ ወንድሟ መድረሱን እስኪነግራት መጠበቅ። ሁለተኛውን ዝውውር ስታደርግም አድራሻውን እንደገና ከመጀመሪያው ምንጭ ትወስዳለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ፍተሻ ኔትወርኩ ያካሂዳል። እርሱ የሚመረምረው ግን ፊርማው ከመቆለፊያው ጋር መግጠሙን ብቻ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ወንድሟ ይሁን ሌላ ሰው አይጠይቅም።